እርከን አምስት

በመሥሪያ ቤቱ «ዝሜ» ነበር የሚሏት፤ «ዝም አይነቅዝም» ከሚለው ተረት ቆርጠው ያወጡላት ስም ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት መዝገብ ቤት ስትሠራ ጮክ ብላ ስታወራ የሰማት ሰው አልነበረም። ፈሪ ነበረች፤ ራሷም ታውቀዋለች። ስልክ ሲጮህ ትደነግጣለች፤ በር ከኋላዋ ሲከፈት ትደነግጣለች፤ «ኃላፊው ይፈልጉሻል» ከተባለችማ ገና ከወንበሯ ሳትነሳ አፏ ይደርቃል። ልብስ ሰፊው ባሏ «አንቺ እኮ በር ላይ ከጥላሽ ጋር ብትገናኚ ‹ይቅደሙ› ብለሽ ታሳልፊዋለሽ» እያለ ይቀልድባት ነበር።

በሥራዋ ግን አትታማም። መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው፤ አንድ ጠባብ መስኮት ብቻ አለው፤ በእሱም የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ በብረት መደርደሪያ ላይ ፋይል ተደርድሯል። ቁጥሩን ብቻ ይንገሯት እንጂ መብራት ቢጠፋ እንኳ በዳበሳ ታወጣዋለች። ሥራውን ያስተማሯት ሴትዮ ጡረታ ሲወጡ የነገሯትን አንድ ምክር እንደ ሃይማኖት ይዛው ኖራለች፤ «ልጄ፣ የመዝገብ ቤት ሰው ቁጥር ያነባል እንጂ ደብዳቤ አያነብም። ያላነበብሽው አያስጠይቅሽም።»

እኚህ ሴትዮ የለቀቁት የኃላፊነት ቦታ በማስታወቂያ ሲወጣ ባሏ ገፋፍቶ አስመዘገባት። ተወዳድራ አንደኛ ወጣች። የእድገት ደብዳቤዋን በደስታ ተቀበለች። በወሩ መጨረሻ ግን ደመወዟ ንቅንቅ አላለም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በረጅም አገልግሎቷ እርከን እየተጨመረላት ስለመጣች የድሮ ደመወዟ ከአዲሱ ደረጃ መነሻ ጋር እኩል ደርሶ ነበር። መመሪያው እንዲህ ያለው ሠራተኛ እንደ አገልግሎቱ ከመነሻው በላይ ባለ እርከን ላይ ይቀመጥ ይላል። እሷን መነሻው ላይ አስቀመጧት። ማዕረግ ጨመሩላት፣ ሥራ ጨመሩላት፣ ሳንቲም አልጨመሩላትም። ከእሷ ስድስት ወር ዘግይታ ያደገች፣ ፋይል ማሰር እንኳ ከእሷ የተማረች ልጅ እርከን አራት ላይ ተቀመጠች።

«ሹመት ያዳብር!» አለ ባሏ። «ወንበሩ ከፍ አለ፣ ኪሱ ባለበት ረጋ።»

«ተሳስተው ይሆናል። ያስተካክሉታል» አለች። እንዲህ እያለች ሁለት ዓመት አለፈ።

ነገሩን የቀሰቀሰው ደመወዝ የሚሠራው ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ሊሄድ ሲል የመልቀቂያ ቅጹን ሊያስፈርማት ምድር ቤት ወረደ። ፈረመችለት። እሱ ግን አልወጣም። በሩን ገርበብ አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ ሳልነግርሽ ብሄድ ሕሊናዬ አይለቀኝም። ኮሚቴው የወሰነልሽ እርከን አምስት ነበር። መጀመሪያ እኔ ጋ የመጣው ወረቀት እንደዚያ ነው የሚለው። በሦስተኛው ቀን ‹ስህተት አለበት› ብለው መልሰው ወሰዱትና መነሻው ላይ ሆኖ መጣ።»

«ለምን?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ቃለ ጉባኤው እዚሁ አንቺ ጋ ተቀምጦ!» አለና ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «እኔ ምንም አላልኩሽም።»

ሦስት ቀን ራሷን ከለከለች። በአራተኛው ቀን ፋይሉን ከመደርደሪያው አወረደችና ለመጀመሪያ ጊዜ ከቁጥሩ በታች ያለውን አነበበች። ሦስት ስም በማሽን ተጽፏል። አራተኛው ስም በሁለት መስመር መካከል በእጅ ተጨምሯል። በእሷ ስም አንጻር ያለው አሐዝ በምላጭ ተፍቆ ወረቀቱ ስስ ሆኗል፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ ስታደርገው «5» እንደ ጠባሳ ይታያል። በላዩ «መነሻ» ይላል። በእጅ የተጨመረው ስም የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሚስት ወንድም ነው፤ በወር አንድ ቀን፣ ደመወዝ ሊቀበል ብቻ ብቅ ስለሚል ዘበኞቹ «የወር እንግዳ» ይሉታል። ለእሱ ቦታ የተከፈተው ከእሷ ላይ በተቆረጠው ገንዘብ ነው።

ፋይሉን ስትዘጋ ጣቷ ላይ የቀረው አቧራ የሚመሰክርባት መሰላት። እጇን ሁለት ጊዜ ታጠበች። ሰው ሲዘርፋት ያየችው እሷ ሆና ሳለ የሰረቀችው እሷ የሆነች ያህል ልቧ ይመታ ነበር።

ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት በቆርቆሮ ጥላ ሥር አሮጌ የጽሕፈት መኪና ይዘው የሚቀመጡ ሽማግሌ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበሩ። ሰው ሁሉ «ባለታይፑ» ይላቸዋል። ከጎናቸው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነገሯን በሹክሹክታ ጀመረችላቸው።

«ጮክ በይ ልጄ» አሏት። «ጆሮዬ እንደ ደመወዝሽ ነው፣ አላደገም።»

በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ጮክ ብላ ተናግራ አታውቅም። ሽማግሌው ሰምተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ቃለ ጉባኤውን የሚጠብቀው ማነው?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

«እንግዲያው ስሚኝ። እንዳታወጪው። ኮፒም እንዳታነሺ። ኮፒ ያነሳሽ ዕለት ከሳሽነትሽ ይቀርና ተከሳሽ ትሆኛለሽ። ቁጥሩንና ቀኑን ንገሪኝ፤ ፍርድ ቤቱ ራሱ ‹አምጡልኝ› እንዲላቸው ነው የምንጠይቀው።» ወረቀት አስገቡና ጣታቸውን ፊደሎቹ ላይ እንዳደረጉ ቀና ብለው አዩአት። «አሁንም ተነስተሽ መሄድ ትችያለሽ። ከተጻፈ በኋላ ግን ነገር እንደ ወተት ነው፣ ወደ ጡቱ አይመለስም።»

መሄድ ፈለገች። ግን አልተነሳችም፤ ከድፍረት ይሁን ከፍርሃት እስከ ዛሬ አታውቀውም። ሽማግሌው መምታት ጀመሩ።

መጥሪያው ለመሥሪያ ቤቱ ነገረ ፈጅ በደረሰ ማግስት ሰው ሁሉ ተለወጠ። የሻይ ክበቡ ውስጥ እሷ ስትገባ ወሬ ይቆማል፤ ስትቀመጥ ከጎኗ ያለው ወንበር ባዶ ይቀራል። ድሮ ስቀው ሰላም የሚሏት ሰዎች ሰላምታቸው በአንገት ብቻ ሆነ። አንድ ቀን የሰው ኃይል ክፍል ኃላፊው ደረጃ ላይ አገኛትና ቆመ።

«ሁለት ሴቶች ልጆች ነው ያሉሽ አይደል?»

«አዎ።»

«ይደጉልሽ» አለና አለፈ።

ምርቃት ነው። እሷ ግን የደረጃውን ብረት ይዛ ብዙ ቆመች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጆቿ ከትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ ከዘገዩ መንገድ ላይ ወጥታ ትጠብቃቸው ጀመር።

አንድ ሐሙስ በሰባት ሰዓት ሠራተኛው ሁሉ ምሳ ወጥቶ እሷ ከቤት ያመጣችውን ዳቦ ስትቆርስ በመስኮቱ በኩል ጫማ አየች። ጥቁር፣ የተወለወለ ጫማ። መስኮቱ ዘንድ ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያ ወደ ምድር ቤቱ መውረጃ ዞረ። የኃላፊው ጫማ ነበር። ኃላፊው ምድር ቤት ወርደው አያውቁም ነበር።

ቁጡ ሰው አይደሉም። ሲናደዱ ድምፃቸው ይለሰልሳል እንጂ አይጮኹም፤ የሚፈሩትም ለዚሁ ነው።

«ቅዝቃዜው አይጎዳሽም?» አሉ መደርደሪያዎቹን እያዩ።

«ደህና ነው ጌታዬ።»

«የእድገት ኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ አምጪልኝ። ነገረ ፈጁ ለመልሱ ይፈልገዋል።»

ተነሳች። መደርደሪያው ስምንት እርምጃ ነው፤ እነዚያን ስምንት እርምጃዎች ስትሄድ ሁሉንም አሰበች። «አጣሁት» ብትል ጠፋ ማለት ነው፤ የሚጠየቀውም ጠባቂው ነው። ብትሰጣቸውና ሳይመለስ ቢቀር አሁንም የሚጠየቀው ጠባቂው ነው። ፋይሉን አወጣችና ተመለሰች፤ ከላዩ ላይ ግን የውሰት መዝገቡን ከነእስክሪብቶው አድርጋ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለመደ እጅ ነው ያደረገው፤ እሷ አዝዛው አይደለም።

«ይፈርሙልኛል?»

«ምን አልሽ?» ድምፃቸው ለሰለሰ።

«የ... የውሰት መዝገብ ነው ጌታዬ። ማንም ሰው ፋይል ሲወስድ...»

«ማንም?» ፈገግ አሉ። «እኔ ማንም ነኝ?»

መዝገቡን በሁለት ጣታቸው አንስተው ጠረጴዛው ላይ፣ ከዳቦዋ አጠገብ አስቀመጡትና ፋይሉን ብብታቸው ሥር ሸጎጡ። በሩ ዘንድ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዲት ወረቀት ጠፍታባት አታውቅም ይሉሻል። ዘንድሮ እንዳይጀምርሽ።»

ጫማው በመስኮቱ ተመልሶ ሲያልፍ አየችው። የቀረውን ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ ጣለችው። ነገ ምን እንደሚመጣ እንደ ፋይል ቁጥር በግልጽ ታያት። «ቃለ ጉባኤው የለም» ይባላል። ቁልፉ በማን እጅ ነው? በእሷ። የመንግሥት ሰነድ ማጥፋት ደግሞ የእርከን ጉዳይ አይደለም፤ የእስር ጉዳይ ነው።

የውሰት መዝገቡን ከፈተችና የፋይሉን ቁጥር፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የወሰደውን ሰው ጻፈች። የፊርማው ቦታ ላይ ስትደርስ «ሳይፈርሙ ወሰዱ» ብላ አሰፈረች። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ታሰባት፤ መዝገቡም የሚያድረው እዚሁ ክፍል ነው፤ የክፍሉ ሁለተኛ ቁልፍ ደግሞ ያለው የሰው ኃይል ኃላፊው ጋ ነው።

ስለዚህ ለኃላፊው ደብዳቤ ጻፈች። አራት መስመር ናት። ይህ ቁጥር ያለው ፋይል በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት በመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ያለ ፊርማ ከመዝገብ ቤት መወሰዱን አሳውቃለሁ፤ እንዲመለስ እንዲደረግልኝ በማክበር እጠይቃለሁ። ከወጪ ደብዳቤ መዝገብ ቁጥር ሰጠችው። ማኅተሙን አንስታ ወረቀቱ ላይ ልታሳርፍ ስትል እጇ ቆመ። መልሳ አስቀመጠችው። እንደገና አነሳችው፤ እንደገና ቆመ። በሦስተኛው ዓይኗን ጨፍና መታችው። ትንሽ ዘሞ ነው ያረፈው።

አንዱን ቅጂ ለኃላፊው ጸሐፊ አደረሰች። ጸሐፊዋ ስልክ በትከሻዋ ይዛ ከእህቷ ጋር ትጨቃጨቅ ስለነበር ሳታነብ ፈረመችላትና የነገ ፋይል ውስጥ ጨመረችው፤ ኃላፊው ከሰዓት አይገቡም ነበርና። ሁለተኛውን ለቁጥጥር ክፍል ሰጠች። ሦስተኛውን ይዛ በእግሯ ወደ ፍርድ ቤቱ ሮጠች። የሬጅስትራር መስኮት ሊዘጋ እጀታው ተይዞ ነበር።

«ነገ ነይ እትዬ፣ ሰዓት አልቋል።»

«የኔ ወንድም፣ በእናትህ! ነገ እኔ አልኖር ይሆናል።»

ሰውየው ሊስቅ ብሎ ፊቷን ሲያይ ተወው። ወረቀቱን ተቀብሎ የገቢ ማኅተም አሳረፈበት፤ ቀኑንም ሞላ።

ማታ ባሏ መቀሱን ይዞ ሳይሠራ ተቀምጦ አገኘችው። የመሥሪያ ቤቱን ዘበኞችና ተላላኪዎች የደንብ ልብስ የሚሰፋው እሱ ነው፤ የዓመቱ ትልቁ ሥራው ነበር።

«ዛሬ ደወሉልኝ» አለ። «ጨርቁን እንዳትቆርጥ፣ ለጊዜው ቆሟል አሉ። ምክንያቱን አልጠየቅሁም፤ አውቀዋለሁ።»

ከበሩ ሳትርቅ ወንበር ላይ ተቀመጠችና የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ሰምቶ ሲጨርስ ፊቱ ገርጥቶ ነበር።

«ተዪው በቃ። እኔ ነኝ የገፋፋሁሽ፣ እኔው ልመልስሽ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማሽም?»

«ከሰስኩት እኮ።»

«አንሺዋ ክሱን!»

«ላነሳው እችላለሁ። ክሱን ሳነሳ ፋይሉ ይመለሳል?» አለች። «አሁን የያዝኩት የደመወዝ ነገር መሰለህ? እሱማ ቀረ። አሁን የምፈራው እንዳያስሩኝ ነው።»

ባሏ ተነስቶ በሩን ቆለፈ፤ ከዚያ ተመልሶ መቆለፉን ሞከረው።

በማግስቱ መዝገብ ቤቱን ስትከፍት ሁሉም ነገር በቦታው ነበር። የውሰት መዝገቡም በቦታው ነበር፤ የትናንቱ ገጽ ብቻ የለም። በምላጭ ከሥሩ ተቆርጧል፤ ለጣት እንኳ የሚሻክር ነገር አልቀረም። ገና ወንበሯ ላይ ሳትቀመጥ ተላላኪዋ አንድ ደብዳቤ ይዛ ገባች፤ ዓይኗን ወደ ወለሉ አድርጋ።

«ቁጥርና ማኅተም ይደረግበት ብለዋል።»

ደብዳቤው ለእሷ ለራሷ የተጻፈ ነው። ዛሬ ጠዋት በተደረገ ድንገተኛ ፍተሻ የእድገት ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ በመዝገብ ቤቱ አለመኖሩ ስለተረጋገጠ፣ ጉዳዩ በዲሲፕሊንና በወንጀል እስኪጣራ ድረስ ከሥራ ታግደሻል፤ ቁልፍ አስረክቢ ይላል። ወጪ የሚደረግ ደብዳቤ ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው በእሷ እጅ ነውና፣ በተከታዩ መስመር ላይ መዝግባ ቁጥር ሰጠችው፤ ማኅተም መታችበት፤ ቅጂውን ለራሷ ፈርማ ወሰደች። ከእሱ በላይ ባለው መስመር ላይ የትናንቷ ደብዳቤዋ ቁጥር አለ። ያንን የወጪ መዝገብ ገጽ ለመቁረጥ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ደብዳቤዋ መኖሩን ከእነሱ ማንም ገና አላወቀም። ኃላፊው ያዩት ዓርብ ከሰዓት ነው፤ የእገዳው ደብዳቤ ተፈርሞ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ካለቀ በኋላ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ሳምንታት በዕድሜዋ ከሁሉ የረዘሙ ነበሩ። ቤት ተቀምጣ የመንገዱን ድምፅ ታዳምጣለች። ሞተር ሳይክል ሲቆም ከወንበሯ ትነሳለች፤ ሲሄድ ትቀመጣለች። የልጆቿን ልብስ አጥባ ስትጨርስ ንጹሁን እንደገና ታጥባለች። ሽንት ቤት ስትሄድ እንኳ መታወቂያዋን ኪሷ ትከት ነበር፤ ለምን እንደሆነ ራሷም አታውቅም።

በሁለተኛው ሳምንት ፖሊስ ጣቢያ ቃል እንድትሰጥ ተጠራች። ክሱን ተዪው ያለው ባሏ ሱቁን ዘግቶ አብሯት ሄደ። አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት አስጠበቋቸው። እሷ መታወቂያዋን ይዛ ተቀምጣለች፤ እሱ ደግሞ የሚያልፈውን ፖሊስ ሁሉ ልብስ ያያል።

«የዚህኛው ኮሌታ ተጣሟል» አለ በሹክሹክታ። «የዚያኛው እጅጌው አጥሯል። ይኼን የሰፋ ሰው ነው መታሰር ያለበት።»

ሳቅና ልቅሶ አብረው መጡባትና አፏን በመሐረብ ያዘች። መርማሪው ቃሏን ተቀብሎ የፍርድ ቤቱን ማኅተም ያለበትን ቅጂ ደጋግሞ አየው። «ለጊዜው ሂጂ። ስንፈልግሽ እንጠራሻለን» አላት። ይህ «ስንፈልግሽ» የሚሉት ቃል ለሌላ ሳምንት እንቅልፍ ነሳት።

የችሎቱ ቀን ሰማዩ ደመና ነበር። ሒሳብ ሠራተኛው ይመጣልኝ ይሆናል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ባለታይፑ ሁለት ጊዜ አስደውለውለታል። አልመጣም። አልፈረደችበትም፤ ፍርሃትን ታውቀዋለች። ክፍሉ ውስጥ ሦስት ዳኞች ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢዋ አጠር ያሉ፣ ሲያነቡ ከንፈራቸው የሚንቀሳቀስ ሴት ናቸው። ነገረ ፈጁ ተነስቶ እንደ ውኃ አወረደው። አመልካቿ የጠቀሰችው ቃለ ጉባኤ ከእጇ ጠፍቷል፤ ያጠፋችው ራሷ ልትሆን ትችላለች፤ ማስረጃ አጥፍቶ ማስረጃ ይቅረብልኝ ማለት አይቻልም።

«መጥፋቱ የታወቀው መቼ ነው?» አሉ ሰብሳቢዋ።

«ዓርብ ጠዋት በተደረገ ድንገተኛ ፍተሻ ነው፣ ክብርት ሰብሳቢ።»

«ከዓርብ በፊትስ?»

«ከዚያ በፊት በአመልካቿ ጥበቃ ሥር ነበር።»

ሰብሳቢዋ ፋይላቸውን ገልጠው አንዲት ወረቀት አወጡ። «ይህ የገቢ ማኅተም የኛ ነው። ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ዓርብ አይደለም። ሐሙስ ዕለት ፋይሉን ኃላፊው እንደወሰዱት አመልካቿ ለራሳቸው ለኃላፊው ጽፋለች፤ ጸሐፊያቸውም ተቀብላ ፈርማለች። ለዚህ ደብዳቤ የተሰጠ መልስ አለ?»

ነገረ ፈጁ ወረቀቶቹን አገላበጠ። ከኋላው የተቀመጠውን የሰው ኃይል ኃላፊ ዞሮ አየው፤ ሰውየው ጫማውን ያይ ነበር። ነገረ ፈጁ ስለ ደብዳቤዋ ምንም እንዳልተነገረው ከአንገቱ መቅላት ሁሉም ተረዳ።

«አመልካች፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ተነሳች። አፏ እንደ ወትሮው ደርቆ ነበር። ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

«ጫማቸውን አይቻለሁ» አለች። ፊቷ ጋለ፤ የማይረባ ነገር የተናገረች መሰላት። ግን ሌላ የሚመጣላት ቃል አልነበረም፤ ስለዚህ ከጫማው ጀምራ ነገረቻቸው፤ ስለ ዳቦው፣ ስለ እስክሪብቶው፣ «እኔ ማንም ነኝ» ስላሏት።

ፍርድ ቤቱ መሥሪያ ቤቱ ዋናውን ቃለ ጉባኤ በአምስት ቀን ውስጥ እንዲያቀርብ፣ ካላቀረበ የአመልካቿ ቃል እንደተረጋገጠ እንደሚቆጠር አዘዘ። አምስቱ ቀን አለፈ፤ ማንም ምንም አላመጣም። በስድስተኛው ቀን ውሳኔው ተነበበ። ንባቡ ፈጣን ነበርና ግማሹ አልገባትም፤ ዳኞቹ ሲነሱ ቆማ ቀረች። ሬጅስትራሩ፣ ያ ማኅተም የመታላት ሰው፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«እርከን አምስት። ካደግሽበት ቀን ጀምሮ። እገዳውም ተነስቷል። አልሰማሽም እንዴ?»

ከግቢው ወጥታ የአጥሩ ጥግ ላይ አስመለሳት። ባሏ ትከሻዋን ይዞ ቆመ።

«ምን አሉ? ተሸነፍን?»

«አሸነፍሽ አሉኝ።»

«ታዲያ ምን ያንቀጠቅጥሻል?»

«እኔ እንጃ» አለች። «ማቆም አልቻልኩም።»

ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ፖሊስ ደግሞ አልጠራትም። ቃለ ጉባኤው እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ የወር እንግዳውም በወር አንድ ቀን መምጣቱን አልተወም፤ እሱን የሚመለከት ክስ ያቀረበ የለምና። የደንብ ልብሱ ሥራ ለሌላ ልብስ ሰፊ ተሰጠ፤ ባሏም የሙሽራና የትምህርት ቤት ልብስ እየሰፋ ጎደሎውን ይሞላ ጀመር። ኃላፊው በወንበራቸው ላይ ናቸው። ደረጃ ላይ ሲያገኟት ሰላም ይሏታል፤ በለሰለሰ ድምፅ።

የውሳኔው ማስፈጸሚያ ደብዳቤ በሁለተኛው ሳምንት በገቢ ፖስታ መጣ። እንደማንኛውም ደብዳቤ መዘገበችው፣ ቁጥር ሰጠችው፣ ከሌሎች አሥራ አንድ ደብዳቤዎች ጋር ኃላፊው መምሪያ የሚጽፉበት ማቀፊያ ውስጥ አደረገችው። ተላላኪዋ ማቀፊያውን ከፍታ ከላይ ያለውን ስታይ መልሳ ዘጋችው።

«እትዬ፣ ይኼን እኔ አላስገባም። የልጅ እናት ነኝ።»

«እኔስ?» ልትል ነበር፤ ተወችውና ማቀፊያውን ይዛ ራሷ ወጣች። ሦስት ፎቅ ነው። ጸሐፊዋ በዓይኗ ብቻ «ግቢ» አለቻት።

ኃላፊው ደብዳቤውን ከማቀፊያው አውጥተው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ደግመው አነበቡት። በግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሲቆጥር ይሰማታል። ብዕራቸውን ከፈቱና በጠርዙ ላይ «ለሰው ኃይል፣ ይፈጸም» ብለው ጻፉ፤ ፈረሙ። ወረቀቱን ሲዘረጉላት እንኳ ቀና አላሉም።

«እንግዲህ ደረጃሽን ጠብቂ» አሏት።

ያገኘሽውን ያዢ ማለታቸው ይሁን፣ አቅምሽን እወቂ ማለታቸው፣ ከድምፃቸው መለየት አልቻለችም። «እሺ ጌታዬ» ብላ ወጣች። ወረቀቷን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ሁለተኛው ፎቅ ድረስ ወረደች፤ እዚያ ግን ቆመች። ማቀፊያውን ረስታው ወጥታለች። የሌላ ሰው ዝውውር፣ የሌላ ሰው ጡረታ፣ የሌላ ሰው የሕክምና ፈቃድ፣ አሥራ አንዱም እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ቀርተዋል። መምሪያ ካልተጻፈባቸው ዛሬ አይወጡም።

ተላላኪዋን ልትልክ አሰበች፤ ነገ ጠዋት ልታመጣው አሰበች፤ ጸሐፊዋን በስልክ ልትለምን አሰበች። ደረጃው ላይ ሁለት ሰዎች አልፈዋት ወረዱ። ከዚያ ቀሚሷን በእጇ አስተካከለች፣ ተመልሳ ወጣችና በሩን አንኳኳች።